የላላ የማርሽ ፔዳል በብየዳ አይድንም

ጥያቄ፦ «በምሥራቅ ጎጃም የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከቀበሌ ቀበሌ የምመላለሰው በቦክሰር ሞተር ሳይክል ነው፤ አራት ዓመት ነድቼዋለሁ። ከሰኔ ወዲህ የማርሽ ፔዳሉ መወዛወዝ ጀመረ። ብሎኑን ባጠብቀውም ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይላላል። ባለፈው ሳምንት ዳገት ላይ ማርሽ ልቀንስ ብዬ ስረግጠው ፔዳሉ ብቻውን ዞረና ማርሹ ሳይገባ ቀረ። ጓደኛዬ ‹ግሪስ ጎድሎት ነው› ይለኛል። የከተማችን መካኒክ ‹ሁለት ቦታ በብየዳ ይነካና ዕድሜ ልክህን አትጨነቅም› አለኝ። ሌላው ደግሞ ካምቢዮው ተበልቷል፣ ሞተሩ ይከፈት ይላል። የማንን ልስማ? ቤቴ ሆኜ ራሴ ልሠራው የምችለው ነገርስ አለ?»

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱንም አይስሙ። ፔዳሉ ብቻውን ዞሮ ማርሹ ሳይገባ ከቀረ፣ እግርዎ የሰጠው ኃይል ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ ካምቢዮው በዚህ ጉዳይ የለበትም፤ ሞተሩም የሚከፈትበት ምክንያት የለም። ግሪስ የሚፋተጉ ነገሮችን ያለሰልሳል እንጂ የላላን አያጠብቅም። ፔዳሉና የያዘው ዘንግ ደግሞ ጭራሽ ሊፋተጉ አይገባም፤ እንደ አንድ ብረት አብረው መዞር አለባቸው። ብየዳው ከሦስቱ እጅግ የከፋው ምክር ነው። በየከተማው የተለመደ ስለሆነና ለጊዜውም ስለሚሠራ ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ምን እንደሚያበላሽ ወረድ ብዬ እገልጻለሁ። የእርስዎ ችግር በአንድ አዲስ ፔዳልና በአንድ ብሎን የሚያልቅ፣ ከግማሽ ቀን ያነሰ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ቤትዎ ሆነው ይሠሩታል።

ነገርን ከሥሩ ይባላልና አስቀድሜ አሠራሩን ልንገርዎ። በሞተሩ ግራ ጎን፣ ከፊተኛው የካቴና ፒኞን አካባቢ፣ የጣት ያህል ውፍረት ያለው ዘንግ ብቅ ብሎ ያያሉ። ይህ ዘንግ ሞተሩን ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጦ እስከ ፍሪሲዮኑ ጎን ይዘልቃል። ፔዳሉን ሲረግጡ ዘንጉ ትንሽ ይዞራል፤ በውስጥ በኩል ያለው ክንዱ የማርሽ ከበሮውን አንድ እርምጃ ይገፋል፤ ከበሮው ሹካዎቹን፣ ሹካዎቹም ማርሾቹን ያንቀሳቅሳሉ። እግርዎን ሲያነሡ ዘንጉን ወደ መሃል የሚመልሰው እዚያው ውስጥ ያለ ሞላ ነው።

በውጭኛው የዘንጉ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ደቃቅ ጥርሶች ተቀርጸዋል። የፔዳሉ አንገት ደግሞ በውስጡ ተመሳሳይ ጥርስ ያለው ቀለበት ሆኖ በአንድ ጎኑ ክፍት ነው፤ ክፍቱ ሁለት ከንፈር አለው። ከንፈሮቹን የሚያቀራርባቸው በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በ10 ቁጥር መፍቻ የሚፈታ ብሎን ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉን የሚያዞሩት ጥርሶቹ ናቸው፤ የብሎኑ ሥራ ጥርስ ከጥርስ ጋር እንደተነከሰ እንዲቆይ አቅፎ መያዝ ብቻ ነው። ጥርሱ ካለቀ ብሎኑን ሌት ተቀን ቢያጠብቁት ዋጋ የለውም።

አሁን የእርስዎ ብሎን ለምን «እንደሚላላ» ይገባዎታል። በመጀመሪያ በንዝረት ጥቂት ረገብ ይላል፤ ይህ በማንኛውም ሞተር ሳይክል ላይ የሚደርስ ነው። ረገብ ሲል ፔዳሉ በዘንጉ ላይ ለዓይን በማይታይ መጠን ወዲያና ወዲህ ማለት ይጀምራል። በእያንዳንዱ የማርሽ ቅያሪ ጥርሱ ጥርሱን ይመታል። በዚያ ላይ የክረምቱ ዋልካ አለ፤ ጭቃው ከነአሸዋው በጥርሶቹ መሃል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። ሰውየው ብሎኑን ያጠብቃል፤ ከንፈሮቹ ትንሽ ይቀራረባሉ፤ ለሳምንት ደህና ይሆናል። እንደገና ይላላል፤ እንደገና ያጠብቃል። አንድ ቀን ሁለቱ ከንፈሮች ይነካካሉ። ከዚያ ወዲያ ብሎኑ ቢጠብቅ ብረትን ከብረት ጋር ያጣብቃል እንጂ አንገቱ ዘንጉን ከዚያ በላይ ማቀፍ አይችልም። በመፍቻው ጠንካራ ሆኖ ይሰማል፤ ፔዳሉ ግን ይወዛወዛል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ረጅም መፍቻ አምጥተው ብሎኑን ይበጥሱታል።

ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ማለቅ ካለበት ማለቅ ያለበት ፔዳሉ ነው። የፔዳሉ ብረት በአብዛኛው ለስላሳ ነው፤ የዘንጉ ጠንካራ ነው። ርካሹና ከውጭ ያለው ክፍል ቀድሞ ሲበላ፣ ውድና ከሞተሩ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለው ይተርፋል። የላላ ፔዳል ይዞ ወራት መንዳት ግን ለስላሳውን ብቻ አይደለም የሚጨርሰው፤ ውሎ አድሮ የዘንጉን ጥርስም ያደበዝዘዋል። እርስዎን ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ከሰኔ ጀምሮ ከሆነ ጊዜ የለዎትም።

መፍቻ ከማንሣትዎ በፊት ምርመራ ያድርጉ። የፔዳሉን አንገት በብሩሽና በናፍታ እስኪያብረቀርቅ ያጽዱና ከንፈሮቹን ይመልከቱ። ብሎኑ ጠብቆ ሳለ በመሃላቸው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ከቀረ ፔዳሉ ገና ዕድሜ አለው፤ ምናልባት ብሎኑ ብቻ ነው የሞተው። ከተነካኩ ፔዳሉ አልቋል። ቀጥሎ በዘንጉ ጫፍና በፔዳሉ አንገት ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ወይም በጥፍር ቀለም ያስምሩ። ሲደርቅ ፔዳሉን በእጅዎ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። መስመሩ ከተሰበረ፣ ማለትም የፔዳሉ ክፍል ሄዶ የዘንጉ ከቀረ፣ ችግሩ እኔ የምልዎ ነው። መስመሩ ሳይሰበር ሁለቱም አብረው ከተወዛወዙ ግን ጨዋታው ሌላ ቦታ ነው፤ ዘንጉ በሞተሩ ግድግዳ ውስጥ ትንሽ ጨዋታ ሊኖረው ይችላል፤ ትንሹ ጤነኛ ነው።

ሥራውን ሲጀምሩ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሞተር ሳይክሉ በመሃል መቆሚያው ቆሞ፣ ማርሹም ፎሌ ላይ ሆኖ ይሁን። ለማጠብ ቤንዚን አይጠቀሙ፤ ትኩስ ሞተር አጠገብ በቤንዚን ጨርቅ ሲሠሩ እጃቸውን ያቃጠሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ናፍታ ይበቃል። በኃይለኛ የውሃ ግፊት የሚታጠብ ከሆነ ደግሞ ውሃውን በቀጥታ ወደ ዘንጉ ሥር አያነጣጥሩ፤ እዚያ ያለው ፓራዮሊ (ዘንጉን ያቀፈው የጎማ ቀለበት) ዘይት እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ ግፊት ያለው ውሃና ጭቃ እንዳይገባ ለመከላከል አልተሠራም።

ፔዳሉ አሁን ያለበትን አቅጣጫ በመርፌ ጭረት ምልክት አድርገው ይያዙ። ከዚያ ብሎኑን ማላላት አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ያስቀምጡት። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ዘንጉ ላይ ዙሪያውን የተቆረጠ ቦይ አለና ብሎኑ በዚያ ቦይ ውስጥ አልፎ ፔዳሉን ይቆልፈዋል፤ ቢላላ እንኳ መንገድ ላይ ወልቆ እንዳይወድቅ። ብሎኑን ሳያወጡ በካቻቪቴ እየፈለቀቁ ለማውጣት የሚታገሉ ሰዎች ቦዩንም ብሎኑንም ያበላሻሉ። ብሎኑ ከወጣ በኋላ ፔዳሉ በእጅ ሊወጣ ይገባል። እምቢ ካለ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ አድርገው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ በከንፈሮቹ መሃል ከትተው በቀስታ ያዙሩት፤ አንገቱ ይከፈታል። መዶሻ አያስጠጉ። በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ምት በቀጥታ ወደ ሞተሩ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ በጎን የሚያርፍ ደግሞ ዘንጉን ያጣምመዋል።

አሁን እውነቱ ከፊትዎ ነው። የፔዳሉን ውስጠኛ ጥርስ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ጥፍር ካልያዘ አልቋል። ከዚያ የዘንጉን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ብናኙ ፓራዮሊው ላይ እንዳይወድቅ ሥሩን በጨርቅ ይጠቅልሉ። ዘንጉ ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ይገኛል። ጥርሱ ሹልና ሙሉ ከሆነ ደስ ይበልዎ። ከውጭኛው ጫፍ ተበልቶ ወደ ውስጥ ሙሉ ከሆነ (በላላ ፔዳል የተነዳ ሞተር ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ነው፤ ፔዳሉ መጀመሪያውኑ እስከ ሥሩ ሳይገባ ተገጥሞ ይሆናል) አዲሱ ፔዳል በትክክል ገብቶ ያልተነካውን ጥርስ ይነክሳል፤ ችግሩ ይፈታል። ጥርሱ በሙሉ ተድፈንፍኖ ክብ ሆኖ ከተገኘ ግን የቤት ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። ዘንጉን ለመለወጥ የቀኙ ሽፋን ይከፈታል፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሪሲዮኑም ይወልቃል፤ ልዩ መፍቻና አዲስ ጓርኒሲዮን (የሽፋኑ ማሸጊያ) ያስፈልጋል። ይህንን የሚያውቅ ጋራዥ ይሥራው።

አዲስ ፔዳል ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ስምና ሞዴል ብቻ ጠርተው አይግዙ፤ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ፔዳሎች የጥርሳቸው ቁጥርና የቀዳዳቸው ስፋት ሊለያይ ይችላል። የሁለቱን ጥርስ ቆጥረው ያስተያዩ። ቢቻል ሞተር ሳይክሉን ይዘው ሄደው ሱቁ በር ላይ ዘንጉ ላይ ይሞክሩት፤ በእጅ ግፊት መግባት አለበት፤ ያለ መዶሻ የማይገባም፣ ገብቶ የሚንገላታም አይሁን። ብሎኑ ሳይጠብቅ ከንፈሮቹ በግልጽ ተራርቀው መታየት አለባቸው። የእርስዎ ዓይነት ከፊትም ከኋላም የሚረገጥ ረጅም ፔዳል ሲሆን ቅርጹን በጥንቃቄ ይዩ፤ የኋላው ክንድ ከሞተሩ ሽፋን ጋር የሚተሻሽ ከሆነ አይውሰዱት።

ብሎኑንም አብረው አዲስ ይግዙ። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነ፣ ከስፕሪንግ ሮንዴላ ጋር። ሲገጥሙ የዘንጉን ጥርስ በደንብ ያድርቁ። ዝገት እንዲከላከል በጣት ጫፍ እንደ ቅባት ያለ ስስ ግሪስ ቢነኩት አይከፋም፤ የጓደኛዎ ምክር ቦታ የሚያገኘው እዚህ ብቻ ነው። የብሎኑ ጥርስ ላይ ግን ግሪስ አያድርጉ፤ ካገኙ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ይበቃዋል። የመጥበቂያው ልክ ለዚህ ዓይነት ብሎን 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌለዎት አጭሩን 10 ቁጥር መፍቻ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ይዘው ስፕሪንግ ሮንዴላው እስኪጋደም ያጥብቁ፤ ከዚያ ጥቂት ብቻ ይጨምሩ። በትከሻዎ ኃይል አያጥብቁ። ከጠበቀ በኋላ ከንፈሮቹ አሁንም ክፍት መሆናቸውን ይዩ። በማግስቱ፣ አንድ ቀን ከነዱ በኋላ፣ እንደገና ይፈትሹት፤ ከዚያ ወዲህ በየዘይት ቅያሪው አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል።

የፔዳሉ ከፍታ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ፔዳል የሚበላው በዚህ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እግርዎን መርገጫው ላይ ሲያሳርፉ፣ የፊተኛው ክንድ ከጫማዎ ፊት ትንሽ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት፤ ለመርገጥ ቁርጭምጭሚት ማዘንበል ይብቃ፣ ጭንዎን ማንሣት አያስፈልግም። ፔዳሉን ዘንጉ ላይ በአንድ ጥርስ ልዩነት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዛወር ይቻላል። ታዲያ በክረምት ቦቲ አድርገው ነው የሚነዱት? ቦቲ ወፍራም ነው፤ ለሸራ ጫማ የተስተካከለ ፔዳል በቦቲ ሲነዳ እግሩ ሁልጊዜ ፔዳሉ ላይ ያርፋል። በሚያደርጉት ጫማ ያስተካክሉት። እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት ደግሞ ከጥርሱ አልፎ የውስጥ ሹካዎችን ይበላል፤ ሹካው ዘወትር ማርሹን እየተጫነ ይሄዳልና። የማርሽ ፔዳል የእግር ማሳረፊያ አይደለም። በተረከዝ ሲረግጡም ሙሉ የሰውነት ክብደት አይልቀቁበት፤ የኋላው ክንድ ረጅም ስለሆነ ትንሽ ኃይል ይበቃዋል።

አሁን ወደ ብየዳው። የማርሽ ዘንግ ለጥገና የሚወጣው በአብዛኞቹ ሞተሮች ወደ ቀኝ፣ ወደ ፍሪሲዮኑ ጎን ተስቦ ነው። ግራ ጫፉ ላይ ፔዳል ከተበየደበት ዘንጉ በቀዳዳው አልፎ መውጣት አይችልም። በብዙ ሞተሮች ዘንጉ የግራውን ሽፋንም ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ሽፋኑን ለመክፈት እንኳ አይቻልም። የመመለሻ ሞላው ቢሰበር፣ ፓራዮሊው ዘይት ቢያንጠባጥብ፣ የማግኔቱ መጠምጠሚያ ቢቃጠል፣ እያንዳንዱ ቀላል ጥገና በግራይንደር ቆረጣ ይጀምራል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተበየደ ሞተር ሳይክል መጣልኝ፤ የተበላሸው ፓራዮሊው ብቻ ነበር። ፓራዮሊውን ለማግኘት ፔዳሉን ቆረጥኩ፤ ፔዳሉን ስቆርጥ የዘንጉ ጫፍ አብሮ ሄደ፤ ዘንጉን ለመለወጥ ፍሪሲዮኑን አወረድኩ። ባለቤቱ ለአንድ ጎማ ቀለበት መጥቶ የሁለት ቀን ሥራ ከፍሎ ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፤ ያ ሰው መጀመሪያውኑ አንድ ፔዳል ቢገዛ ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ ባልደረሰበት።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የብየዳው ሙቀት ከጥርሱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ የራቀውን የፓራዮሊ ከንፈር ያቃጥላል፤ የዘንጉንም ጥንካሬ ያበላሻል። የብየዳው ኤሌክትሪክ በተሳሳተ ቦታ ከተመለሰ በሞተሩ ኩሽኔታዎች መሃል ያልፋል፤ የባትሪ ገመድ ካልተነቀለ የማቀጣጠያውንና የቻርጅ መቆጣጠሪያውን ሣጥን ሊገድል ይችላል። አንድ ሁኔታ ብቻ አለ የምታገሠው፤ ዘንጉ ራሱ ፈጽሞ አልቆ ሊጣል ተወስኗል፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ግን ሥራ ማቆም አይቻልም። ያኔ ባትሪው ተነቅሎ፣ የብየዳው መሬት ገመድ ከፔዳሉ ከራሱ ጋር ተያይዞ፣ ፓራዮሊው በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በትንሽ ነጥብ ይያዝ። የእርስዎ ጉዳይ እዚህ መድረሱን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም።

ፔዳሉ ሲፈታ የፓራዮሊውን አካባቢም ይዩ። ደረቅ ከሆነ አይንኩት። ዘይት ካረጠበው በብዙ ሞተሮች ከውጭ ይለወጣል፤ ሞተር ሳይክሉን ወደ ቀኝ ያዘንብሉ ወይም ዘይቱን ያውርዱ፣ አሮጌውን ዘንጉን ሳይጭሩ በመንጠቆ ያውጡ። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት የዘንጉን ጥርስ በቀጭን ፕላስቲክ ቴፕ ይጠቅልሉ፤ ያለዚያ ሹሉ ጥርስ የአዲሱን ከንፈር ገና ሲገባ ይቆርጠዋል። ከንፈሩን በሞተር ዘይት አርጥበው፣ ስፋቱ በሚመጥን ቱቦ ዙሪያውን እኩል እየገፉ ያስገቡት። ፓራዮሊው ከሽፋን ጀርባ ተደብቆ ከሆነ ግን አይጀምሩት።

ወድቀው ፔዳሉ ተጣሞ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ላይ እንዳለ በቱቦ አይመልሱት፤ ኃይሉን የሚቀበለው ዘንጉ ነው። አውጥተው በሞርሳ ያቅኑት። የብረት ፔዳል አንድ ጊዜ ይታገሣል፤ ሁለተኛ ከተጣመመ ይለወጥ። የአልሙኒየም ፔዳል ግን ሲመለስ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃልና ሳይታሰብ ይሰበራል። ቀጥሎ ዘንጉን በእጅ ወይም ፔዳሉን ለአፍታ ገጥመው ያዙሩት፤ ጫፉ ክብ እየሳለ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም ሲመለስ የሚይዝ ከሆነ ዘንጉ ተጣሟል።

ካምቢዮው መጠርጠር ያለበት መቼ ነው? ፔዳሉና ዘንጉ አብረው ሲዞሩ፣ ማርሹም ገብቶ ሳለ ነዳጅ ሲሰጡት ራሱ የሚወጣ ከሆነ፤ ወይም የሚወርደው ዘይት ውስጥ የብረት ቅንጣት ካዩ። ፔዳሉ ተረግጦ ወደ መሃል አልመለስ ካለ መጀመሪያ ከሽፋኑ ወይም ከመርገጫው ጋር እየተነካካ እንዳይሆን ይዩ፤ ካልሆነ የመመለሻ ሞላው ነው፤ ያም የጋራዥ ሥራ ነው። ማርሽ የሚገባው እየከበደና እየጮኸ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉን ይተዉና ፍሪሲዮኑን ይመልከቱ። የፍሪሲዮኑ እጀታ ሥር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነፃ ጨዋታ ይኑር፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ምንም ጨዋታ ከሌለው ደግሞ ይንሸራተታል። ካቴናው በጣም ከረገበም ማርሹ ሲገባ ይመታል። ዘይቱን አይርሱ፤ በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። በመመሪያው የተጻፈውን፣ ለቦክሰር በአብዛኛው 20 ደብሊው 50፣ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ይጠቀሙ። ለመኪና የተሠራ፣ ማንሸራተቻ ቅመም የገባበት ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። በዚህ ሳምንት ፔዳሉን ያውጡ፤ ከንፈሮቹ ተነካክተው ካገኙ ሌላ ነገር ሳይሞክሩ አዲስ ፔዳልና አዲስ ብሎን ይግጠሙ። ከንፈሮቹን በሴጌቶ አስፍቶ እንደገና ማጥበቅ ይቻላል፤ ግን የሚረዳው የፔዳሉ ጥርስ ገና ካለ ብቻ ነው፤ የገበያ ቀን እስኪደርስ ካልሆነ አልመክረውም። ጠርዙ የታጠፈ የጣሳ ቆርቆሮ በዘንጉና በአንገቱ መሃል ማስገባትም እንዲሁ ቤት ለመድረስ ነው እንጂ ለመክረም አይደለም።

ሱቅ እስኪሄዱ ድረስ መንገድ ላይ ከተንሸራተተብዎ፣ ሞተሩን አጥፍተው ብሎኑን ያውጡ፤ ጭቃውን ጠርገው ፔዳሉን ቦዩና የብሎኑ ቀዳዳ እስኪገጥሙ ድረስ ወደ ውስጥ ገፍተው መልሰው ያጥብቁ። ያም ካልያዘ ዘንጉን በሚቆለፍ ፒንሳ ነክሰው 2ኛ ማርሽ ያስገቡና ፒንሳውን አውልቀው፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ እየለቀቁ፣ በዚያው ማርሽ ብቻ ረጋ ብለው ወደ ቤት ይንዱ። ቁልቁለት ከገጠመዎት በፍጥነት አይውረዱ፤ ማርሽ መቀነስ አይችሉም፤ ከ2ኛ ማርሹ ሌላ ያለዎት ፍሬን ብቻ ነው። የክትባት ሣጥን ከኋላ ጭነው ከሆነ ደግሞ ከቁልቁለቱ በፊት ያውርዱና ሰው እንዲያመጣልዎ ያድርጉ። አንድ ተጨማሪ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ከነሮንዴላው፣ 10 ቁጥር መፍቻና ያ ፒንሳ ከወንበሩ ሥር አይጥፉ።